እርም ያልወጣለት ኳስ

አሜሪካኖች ለቅሶ አያውቁም፣ ሰው ሲሞትባቸው ጥቁር መነጽር አድርገው በአንድ ሰአት ቀብረው ሳንድዊች በልተው ይበተናሉ የሚል ሀበሻ ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ጃንዋሪ 8፣ 2018 ማታ አትላንታ ነበርክ ወይ ብላችሁ ብቻ ጠይቁት። አልነበረም ማለት ነው። ቢኖርማ ፈረንጅ ደረቱን ሲደልቅ፣ ኮፍያውን መሬት ላይ ሲፈጠፍጥ፣ አስፋልት ጠርዝ ላይ ተዘርፍጦ ሙሾ ሲያወርድ ያይ ነበር፣ ያውም ለሰው አይደለም ለኳስ፣ ያውም ለፕሮፌሽናል ኳስ እንኳ አይደለም ለተማሪዎች ኳስ፣ ለአሜሪካን ፉትቦል!

ቀኑ የገና ማግስት ነው። ገና እሁድ ዋለ፣ ጨዋታው ሰኞ ማታ። እኔ ያኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ነበር የምሰራው (አትላንታ ኖሮ ፓርኪንግ ያልሰራ ሀበሻ ካለ እጁን ያውጣ) እና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡልዶግስ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለብሄራዊ ዋንጫ የሚጫወቱት ከኛ ፓርኪንግ በእግር በሚደረስበት መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም ነው። ጆርጂያ ከ1980ው ቡድን ወዲህ ብሄራዊውን ዋንጫ አላየም ነበር። ትራምፕም ሊያይ መጣና በሱ ጥበቃ ምክንያት ህዝቡ ትኬቱን እንደያዘ ዝናብ እየወረደበት በር ላይ ተገተረ፣ እኛ ጋ መኪናውን አቁሞ የሄደው ሰው ግን ሲማረር አልሰማሁም፣ እየጮኸ ነው የሄደው።

ጩኸቱን ላስረዳ መሰለኝ። የቡልዶግስ ደጋፊ ሰላምታው የውሻ ጩኸት ነው። ቀልዴን አይደለም። ስልሳ አመት የዘለለ፣ ባንክ ማናጀር የሚመስል፣ የልጅ ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ ቁልፉን እየሰጠኝ «ጎ ዳውግስ! ዉፍ ዉፍ ዉፍ!» ይለኛል። ስራ የጀመርኩ ሰሞን ሰውየው በጤናው አይደለም ብዬ ወደ ኋላ አፈግፍጌ ነበር፣ ኋላ ላይ ግን ቲፕ እንደሚያስጨምር ሲገባኝ እኔም እጮህ ጀመር። ይሄን ሀገር ቤት ያለችው እናቴ እንዳትሰማ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ አንድ ቡድን አራት እድል ይሰጠዋል፣ በአራቱ እድል አስር ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት፣ ካቃተው ኳሱን ያስረክባል። ሌላው መጋጨት ነው። እስከ እረፍት ጆርጂያ 13 ለ 0 ይመራ ነበር። በእረፍት የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሳባን በሁለት አመት ውስጥ ሁለት ጨዋታ ብቻ የተሸነፈውን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ጄለን ኸርትስን አስቀመጠና ቱዋ ታጎቫይሎዋ የሚባል የ19 አመት ፍሬሽማን አስገባ። እኛ ቡዝ ውስጥ ሆነን በስልክ እያየን ሽማግሌው ተስፋ ቆረጠ አልን። ልጁ 20 ለ 20 አደረገው። መጨረሻ ሰከንድ ላይ አላባማ ቀላል ኳስ ሳተ፣ ተጨማሪ ሰአት ተገባ፣ የጆርጂያው ባለመነጽር ልጅ ብላንከንሺፕ ከ51 ያርድ መትቶ 23 ለ 20። ከዛ ደሞ ቱዋን ይዘው 16 ያርድ ወደ ኋላ ጣሉት። በሁለተኛ እድሉ 26 ያርድ ሊሄድ ነው ማለት ነው፣ ማለትም በቃ አልቆለታል ማለት ነው፣ ሰው መተቃቀፍ ጀምሯል፣ ከዛ ልጁ ተነስቶ ልብሱን አራገፈና በሚቀጥለው ኳስ 41 ያርድ ወርውሮ ዴቮንታ ስሚዝ ለሚባል ሌላ የ19 አመት ልጅ ሰጠው። 26 ለ 23። አለቀ።

እኛ እኮ መርዶ ስናረዳ ደንብ አለን። መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል፣ ከዛ ሽማግሌ ተመርጦ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ገና ሽማግሌዎቹን ሲያያቸው ገብቶት ያለቅሳል። እነዚህ ግን የአርባ አመት ተስፋ ሞቷል ተብሎ በአንድ ኳስ ነው የተረዱት፣ ያውም ግማሾቹ እየሳቁ ባሉበት።

ሲመለሱ አንድ ሰው አይጮህም። የጫማ ድምፅ ብቻ። ያ ባንክ ማናጀር የሚመስለው ሰውዬ መጣ፣ ጉንጩ ላይ የተቀባው ቀይና ጥቁር ቀለም በእንባ ይሁን በላብ ተዥጎርጉሯል፣ መኪናውን አምጥቼ በሩን ከፍቼ ብቆም አይገባም። «ሁለተኛና 26» ይላል። ዝም ይላል። «ሁለተኛና 26» ይላል። የልጅ ልጁ እጁን ይጎትተዋል። ምን እንደሚባል ጠፋኝ፣ እግዜር ያጽናዎት አይባል ነገር፣ ያዳነኝ አብሮኝ የሚሰራው ጓደኛዬ ነው፣ የአርሰናል ደጋፊ ነው፣ አርሰናል ትናንት በገና በአል ቀን ከታችኛው ሊግ በመጣው ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ለ 2 ተደብድቦ ከኤፍኤ ካፕ የወጣበት፣ ዶሮ ወጡን ሳይነካ የዋለ ሰው። ሄዶ የሰውየውን ትከሻ ያዘ። «ብራዘር፣ አይ ኖው» አለው። በቃ ሌላ ቃል የለም። ተቃቀፉ። አንዱ የእግር ኳስ ህግ አያውቅም፣ ሌላው ኳርተርባክ ምን እንደሚሰራ አሁንም በትክክል አይገባውም፣ ግን ሀዘንተኛ ሀዘንተኛን ያውቃል። ሰውየው መቶ ዶላር ሰጥቶት ሄደ። አሸናፊ ነው ጥሩ ቲፕ የሚሰጥ የምትሉ ካላችሁ ፓርኪንግ ሰርታችሁ አታውቁም፣ አሸናፊው የአላባማ ደጋፊ በመፈክሩ «ሮል ታይድ!» እያለ ሳንቲሙን ይቆጥራል፣ ተሸናፊ ግን ያን ለሊት ገንዘብ ምን ያደርግልኛል ብሎ ነው የሚሰጠው።

አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉ፣ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያቀምሰው እንኳ ጨዋታ ነው ተብሎ ይታለፋል። አትላንታ ላይ በገና ማግስት ጌታውም ሎሌውም ተቆጥቶ አደረ።

ማክሰኞ ከተማው ለቅሶ ላይ ነው። ልብስ መቀየር እንኳን አላስፈለጋቸውም፣ የቡልዶግስ ማሊያ ቀይና ጥቁር ነው፣ ጥቁር ጃኬት ሲደርቡበት ሙሉ የሀዘን ልብስ ሆነ። ነዳጅ ማደያ፣ ዋፍል ሃውስ፣ የልጆች ትምህርት ቤት በር፣ የትም ሂድ «ስለሱ ማውራት አልፈልግም» ይልህና አርባ ደቂቃ ያወራሃል። አንዱ ማሊያውን ሲዝኑን ሙሉ አላጠበም ነበር፣ ሚስቱ ባለፈው ሳምንት ሳታውቅ አጥባበት፣ ትዳሩ ላይ ጥያቄ አለው። ሌላው በተጨማሪ ሰአት ከሶፋ ተነስቶ ሽንት ቤት በመሄዱ ጆርጂያን ያስሸነፈው እሱ ነው። የምሩን ነው። ሬዲዮው ደሞ አልቃሽ ሆኖ ሙሾ ያወጣል፣ ደዋዩ እየተቀበለ፣ እና ሙሾው በዚህ ብቻ አያበቃም፣ የድሮ ሙታን ሁሉ ይጠራሉ፦ በ2012 በዚሁ በአላባማ ከመጨረሻው መስመር አምስት ያርድ ሲቀራቸው ሰአት አልቆባቸው 32 ለ 28 የተሸነፉት፣ ባለፈው አመት ደሞ የከተማው ፕሮፌሽናል ቡድን ፋልከንስ ሱፐር ቦውል ላይ 28 ለ 3 እየመራ የተሸነፈው፣ ወዮ ወዮ።

ከዛ ገዳዩ ማነው የሚለው ይመጣል። መቼም ኳስ በራሱ አይሞትም። አሰልጣኙ ኬርቢ ስማርት እንዳይባል የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ለጆርጂያ ተጫውቷል፣ ግን ዘጠኝ አመት የሳባን ረዳት ሆኖ አላባማ ሰርቷል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይጠረጠራል። ተከላካዮቹ እንዳይባሉ ልጆች ናቸው፣ ያን ጊዜ ደሞዝ እንኳ አይከፈላቸውም፣ አሰልጣኝ ሚሊዮኖች እያገኘ እነሱ ነገ ፈተና አለባቸው። (የስልሳ አመት ሰው ደም ግፊቱን ለአስራ ዘጠኝ አመት ልጅ አደራ ሰጥቶ ለምን ከፍ አለብኝ ሲል ሀኪሙ ምን እንደሚለው አላውቅም፣ ደሞ ብዙዎቹ እዛ ዩኒቨርሲቲ በመኪና እንኳ አላለፉም።) የቀረው ዳኛው ነው።

እና ዳኛው ላይ እውነት አላቸው፣ ችግሩም እሱ ነው። በሶስተኛው ሩብ ላይ አላባማ ኳሱን በእግር ሊያርቅ ሲል ጆርጂያዎች ደርሰው አገዱት፣ ጨዋታውን የሚገድል ነገር ነበር፣ ዳኛ ግን ታይለር ሲመንስ ኳሱ ሳይነሳ ቀድሞ መስመር አልፏል፣ ኦፍሳይድ ነው ብሎ ሻረው። ቪዲዮው ሲታይ አላለፈም። በቃ! ከዛ ቀን ጀምሮ ጆርጂያ ውስጥ ያቺን ቪዲዮ ያላቆመ፣ ማስመሪያ ስክሪን ላይ ያላስደገፈ ሰው የለም። ቲሸርት ታተመባት። ጥርስ ሀኪም ጥርሴን ከፍቶ እጁን አፌ ውስጥ እንደከተተ «ኦፍሳይድ አልነበረም እኮ» ብሎኛል፣ መልስ መስጠት አልቻልኩም፣ እሱም መልስ አልፈለገም። እርም የሚወጣው ሬሳ ሲታይ ነው ይባላል፣ እነዚህ ሬሳውን በስሎው ሞሽን እያዩ እርማቸውን ማውጣት አቃታቸው።

አይገርምም ግን። እዚሁ ጆርጂያ አቴንስ ከተማ ያለው ስታዲየማቸው ከ92 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፣ ውስጡ ደሞ መካነ መቃብር አለ፣ የውሻ። ኡጋ የሚባሉት ነጫጭ ቡልዶጎች፣ ከ1956 ጀምሮ እየተተካኩ የቡድኑ ምልክት የሆኑት፣ በህይወት ሳሉ ሜዳ ዳር ኤሲ ያለው ቤት ይሰራላቸዋል፣ ሲሞቱ እምነበረድ ውስጥ ይቀበራሉ፣ የመቃብር ጽሁፍ ይጻፍላቸዋል። እድር የሌለው ህዝብ ለውሻው እድር አለው።

ጎረቤቴን ግን መናገር አለብኝ። ከአጥሩ ማዶ እጁን እያወዛወዘ «ሃው አር ዩ» ብሎ መልሴን ሳይሰማ የሚገባ ሰው ነው። ባለፈው በጋ አባቱ ሞቶበት ስንሰማ ነጠላችንን ዘቅዝቀን ሄድን፣ በር ላይ ሆኖ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» አለን፣ በሶስተኛው ቀን ስራ ገባ። እኛም ምን አይነት ደረቅ ሰው ነው ብለን አማነው። ከጨዋታው በኋላ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳየው አላስቻለኝም፣ ጠጋ አልኩ፣ ሚስቴ ደሞ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ከገና የተረፈውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ ላከች። ዳቦውን ይዞ ማውራት ጀመረ። ከሳባን ተነሳ፣ ወደ ኦፍሳይዱ ሄደ፣ ከዛ ወደ 1980፣ ያኔ አባቱ ትከሻው ላይ አድርጎ ስታዲየም እንደወሰደው፣ የዛን ጊዜውን ኮከብ ኸርሼል ዎከርን በአይኑ እንዳየ፣ አባቱ በየአመቱ «ዘንድሮ ነው» ይል እንደነበር፣ ዘንድሮ ደሞ እውነት ሊሆን ሲል እንደሞተ። ከዛ ተንሰቀሰቀ። እኛ ሀገር ሴቶች ለቅሶ ቤት ሄደው በሰው ሬሳ የራሳቸውን ሙት ያለቅሱ የለ? ያው ነው። አባቱን ለመቅበር ሶስት ቀን የተሰጠው ሰው ስድስት ወር ጠብቆ በኳስ አሳቦ አለቀሰ፣ ማንም ደሞ «አይዞህ ጠንከር በል» አላለውም፣ ከተማው በሙሉ ለቅሶ ላይ ነው። አሁን ሲያየኝ ቆሞ ነው ሰላም የሚለኝ። ዳቦውንም ጠይቆኛል፣ ለኢስተር ትጋግራለች ወይ ብሎ።

የኛ ሰውም አልቀረለትም። ክላርክስተን አካባቢ የሚኖሩ እትዬ የምላቸው ሴት አሉ፣ ልጃቸው ያኔ አቴንስ ይማር ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። «አንተ፣ ልጄ ምን ሆኖብኝ ነው? ዶሮውን አቅርቤለት አልበላም አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ ሴት ልጅ ናት?» አይደለም እትዬ፣ ኳስ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። «ኳስ?» አሉ። «ተጫውቶ ነው?» አይ፣ ሲያይ ነው። «እና እሱ ምን አገባው? ይሄን ሁሉ ሎን የወሰድኩት ኳስ አይቶ እንዲያለቅስልኝ ነው?» ስልኩን ለልጁ ሰጡት፣ ልጁ «ኦፍሳይድ አልነበረም» ብሎኝ መለሰላቸው። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው «ምን አልነበረም አለ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ዋጋዬን አገኘሁ፣ አንድ ሰአት ፈጀብኝ።

በዛው አመት ዲሴምበር ላይ እዛው ስታዲየም እዛው አላባማ፣ ጆርጂያ 28 ለ 14 መርቶ ነበር፣ አሁን ደሞ ቱዋ ተጎድቶ ወጣና ያ ጃንዋሪ ላይ የተቀመጠው ጄለን ኸርትስ ገብቶ 35 ለ 28 አሸነፋቸው። እሱን አልተርክም፣ አንድ ሰው ስንቴ ይቀበራል። እትዬ ግን ያን ቀን ደውለው «ያ ልጅ ደሞ ከየት መጣ?» ብለውኝ ነበር፣ ያኔ ነው ነገሩ እንደያዛቸው የገባኝ።

ጃንዋሪ 10፣ 2022 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ጆርጂያ አላባማን 33 ለ 18 አሸንፎ ዋንጫውን በላ። እኩለ ለሊት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ እትዬ ናቸው፣ ልጃቸው ተመርቆ ስራ ይዟል፣ ከኋላ ሲጮህ ይሰማኛል፣ «ዉፍ ዉፍ» ሲል እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይሁን ምን ይሁን አላውቅም ብቻ አንድ ቀጭን «ዉፍ» ሰማሁ። እትዬ እንኳን ደስ አለዎት፣ አሁንስ እርሙን አወጣችሁ አልኳቸው።

«እሱስ ተመስገን ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ግን እንደው ለነገሩ፣ ያኔም እኮ ያ ልጅ መስመሩን አላለፈም።»