ሐመሩን ሐ ማን ጠራው?

ያረረውን ድስት ውኃ ሞልቼበት አጠገቡ ተቀምጫለሁ። እስኪርስ ድረስ እጽፋለሁ። ካልጻፍኩ የምጮኽበት ሰው መፈለጌ አይቀርም፤ በዚህ ቤት ደግሞ ዛሬ ያልተጮኸበት ሕፃኑ ብቻ ነው፣ እሱም ተኝቷል።

ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ ልጆቹን ቤት የማስተምራቸው እኔው ነኝ። መብራት የመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ መብራት ከመጣ ትምህርት ይቆማል፣ ሊጥ ይነሣል። ሊጡ ሦስት ቀን ቆይቶ ጎምዝዟል፣ ዛሬ ካልተጋገረ ለማንም አይሆንም። ምጣዱን ሰካሁ፣ በከሰል ምድጃው ሽሮ ጣድኩ፣ ልጆቹን ከነደብተራቸው ኩሽና አስገባኋቸው። አንድ ክፍል፣ ሦስት ደረጃ፣ አንዲት መምህርት፣ እሷም በሊጥ የተለወሰች።

ትልቋ የክብ ስፋት አልገባኝም አለች። አክንባሎውን አነሣሁና እንጀራውን አሳየኋት። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ግማሹ 30፣ 30ን በራሱ አባዢው፣ ከዚያ በ3.14። ትንሽ ጫረችና “2,826 ካሬ ሴንቲ ሜትር” አለች። አልዋሻችሁም፣ ኮራሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል በአገሩ ከእኔ የተሻለ መምህር ያለ አልመሰለኝም። ትንሿ የእንጀራውን ዐይን ቁጠሪ ብያት ስለ ነበር፣ በእያንዳንዱ ዐይን ጣቷን እየሰካች ሃያ ዘጠኝ ደረሰችና “ሃያ ዐሥር” አለች። እንጀራው ወንፊት ሆነ። ወንዱን የሰባትን ብዜት በቃሉ እንዲወጣ በሩ ላይ አቁሜዋለሁ። “ሰባት ጊዜ ስምንት?” ስለው “እማዬ፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ” አለኝ። ከጥያቄ ለማምለጥ የማያመጣው ሰበብ ስለሌለ፣ ስለ ሽታው ማን ጠየቀህ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ብቻ መልስ አልኩት።

ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

“ቤቶች!” የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ። አባባ ናቸው፣ የባለቤቴ አባት፤ ከቅዳሴ ሲወጡ አንድ የኔታ አስከትለው መጡ። ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ የሚመጣ እንግዳ ይዞት የሚመጣው ነገር ባዶ ሆዱን ነው። የኔታ ደግሞ ቅኔ ዋሸራ የተማሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ዐይናቸው ቢደክምም ፊደል ላይ ሲደርስ የማይስት ሰው ናቸው።

ግድግዳው ላይ በቀይ እስክርቢቶ አድምቄ የጻፍኩት የክፍለ ጊዜ ድልድል ተለጥፏል። ሁለት ሰዓት ሒሳብ፣ ሦስት ሰዓት አማርኛ፣ አራት ሰዓት ዕረፍት። አንድ ቀን እንኳ እንደ ተጻፈው ውለን አናውቅም፤ ግን ሲያዩት ያምራል። ከላይ በትልቁ “ትምሕርት በቤት” ይላል። የኔታ መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ፣ አነበቡ፣ ዝም አሉ። እንደገና አነበቡ።

“ይህን የጻፈው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ፣ የኔታ።” የመለስኩት በኩራት ነበር። እዚህ ላይ መሳቅ ትችላላችሁ።

“ልጄ፣ በሐመሩ ሐ ነው የጻፍሽው።”

“አዎ፣ የኔታ?”

“በሀሌታው መሀረ ሲባል አስተማረ ነው፤ ትምህርት ከዚያ ይወጣል። በሐመሩ መሐረ ሲባል ይቅር አለ ነው፤ ምሕረት ከዚያ ይወጣል። እንግዲህ ይህ የለጠፍሽው ትምህርት አይደለም። ይቅርታ ነው።”

አባባ ሳቁ። ከጥርሳቸው አልነበረም፣ ከሆዳቸው ነው የሳቁት። የኔታ ግን አልሳቁም፤ ያሳረረኝም እሱ ነው። ለቀልድ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ወደ ትንሿ ዞረው “ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ይህች ሐ ማን ትባላለች?” አሏት። ልጄ፣ የሆዴ ፍሬ፣ ዐይኗን ሳታሽ እንዲህ አለች፦ “እማዬ ሁሉም ሀ ያው ነው፣ የወደዳችሁትን ጻፉ ብላናለች።”

“በጎጃም ምድር!” አሉ አባባ። ሰው የሞተ ነበር የሚመስለው።

ብያለሁ፤ አልክድም። አንድ እጄ ሊጥ ውስጥ፣ ሌላው የሚጠባ ልጅ ይዞ፣ “በየትኛው ሀ ልጻፍ” ተብዬ በቀን አርባ ጊዜ ስጠየቅ ያው ነው እላለሁ። እናንተም ትላላችሁ። እንጂ ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ! ስማቸውን አውቃለሁ፣ ቤታቸውን ነው የማላውቀው። ይህን ስጽፍ ራሱ እያንዳንዷን ሀ እየፈራሁ ነው፤ ስሕተት ካገኛችሁ ለራሳችሁ ያዙት፣ ዛሬ አልችልም።

ሽታው የደረሰን ይህን ጊዜ ነው። ስሮጥ ሽሮው ድስቱ ላይ ተጋግሮ ጠቁሯል። ወንዱ ከበሩ ሳይንቀሳቀስ “ነግሬሽ ነበር” አለ። ቀጥሎም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ “ሃምሳ ስድስት” አለ።

ድንች ቀቅዬ በድልህ፣ በዚያው በተበሳሳው እንጀራ አቀረብኩ። የኔታ ባርከው በሉ፤ አንድ ቃል አላማረሩም። ቢያማርሩ ይሻለኝ ነበር። ቡና ላይ ግን ጀመሩ። እኛ ዘንድ፣ አሉ፣ አንድ የኔታ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፊደል ቆጣሪውንም፣ አቡጊዳ የሚለውንም፣ ዳዊት የሚደግመውንም አንድ ላይ ያስተምራል፤ ትልቁ ለትንሹ ያስቀጽላል፣ ምኑ ያስቸግራል?

“እውነት ነው፣ የኔታ” አልኩ። ያላልኩትን ለእናንተ ልበለው።

የኔታ እንጀራ ጋግረው ያውቃሉ? ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ በየደጁ ዞሮ ቁራሹን ለቅሞ ያመጣል። አገር ያበላችኋል፣ እናንተ ታስተምራላችሁ። በዚህ ቤት ግን የኔታም እኔ ነኝ፣ ተማሪው ደጇ ላይ ቆሞ የሚለምናት ባልቴትም እኔ ነኝ፣ ሊጡን ያቦካችውም እኔ ነኝ፤ ውሻ ቢኖር ኖሮ ጩኸቱም የእኔ ሥራ በሆነ ነበር። ትልቁ ለትንሹ ያስቀጽል የሚለውንም ሞክሬዋለሁ። ትልቋ ወንድሟን ግማሽ ሰዓት አስተማረችው፤ እሱ እያለቀሰ ወጣ፣ እሷ “ይኼ አይማርም” ብላ የመምህርነት ሥራዋን በፈቃዷ ለቀቀች።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንኳ ዓለም ሁሉ አብሮን ነበር የተዘጋው። ብሶት አገር ሲያክል ይቀላል። አሁን ግን አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ደውላ “ታድለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ከልጆችሽ ጋር” ትለኛለች። ታድዬ! የእሷ ልጆች በሰርቪስ ሄደው በሰርቪስ ይመለሳሉ፤ እሷ የምታውቀው የምሳ ዕቃቸውን ክዳን ነው።

ጎረቤቴስ? “ካስተማርሽ አይቀር” ብላ ሁለት ልጆቿን ላከችልኝ። ደብተር አላቸው፣ እርሳስ የላቸውም፤ ምሳ ዕቃ የሚባል ነገርማ አይታሰብም። በሦስተኛው ቀን ታናሽየው “እትዬ፣ ዛሬም ሽሮ ነው?” አለኝ። ወደ ቤቱ አልሰደድኩትም። እስካሁን ለምን እንዳልሰደድኩት አላውቅም።

ባለቤቴም ማታ ሲገባ የርእሰ መምህር ፊት ይዞ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ “ዛሬ ምን ተማራችሁ?” ይላል። ዛሬ ትንሿ “ይቅርታ ተማርን” አለችው፣ አባባም ነገሩን ከነትርጓሜው ዘረዘሩለት። ሳቁን ለመያዝ ታገለ፣ አልቻለም፣ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውኃ ሳይከፍት ሩብ ሰዓት ቆየ።

ትልቋ ያሳስበኛል፤ ሌላው ቀልድ ነው። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ እነሱም በክፍል ውስጥ የተማሩ ናቸው። የእኔዋ ገና ስምንተኛ ናት፤ የክብን ስፋት ከምጣድ ላይ ነው የተማረችው። ፈተናው ላይ እንጀራ ባይመጣስ? ሌሊት ስነቃ የማስበው ይህን ነው። ቀን ሲሆን ጊዜ የለኝም።

ወረቀቱን ልቀይረው ተነሥቼ ነበር። ቀዩ እስክርቢቶ አለቀ። በሰማያዊ ሕ የሚለውን ፍቄ ህ አደረግሁት፤ ሐመሩ ከሥር ይታያል፣ አልጠፋም።

ድስቱ አሁንም አልለቀቀም፤ በቢላዋ መፋቅ ሊኖርብኝ ነው። ትንሿን ሳስተኛ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ “እማዬ፣ ነገ ምሕረት አለን?” አለችኝ።

መብራት ከሌለ አለ አልኳት።