የሌሊት ተረኛ ነርስ በአልጋ ሳይሆን በደቂቃ ይቆጠር

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ ጥያቄ አደባባይ ሲወጣ ክርክሩ በአብዛኛው ብር ላይ ቆመ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መመለስም አለበት። ግን ደመወዙ ቢጨመርም በክልል ሆስፒታል የሌሊት ተረኛዋ ያቺው አንድ ነርስ ከሆነች፣ ሌሊቱም ያው 12 ሰዓት ነው። እስቲ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ እናስላው።

አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ይዋቀራል። የውስጥ ደዌ ክፍሉ ውስጥ 30 ሕሙማን ተኝተዋል እንበል። የአንዱን ቫይታል ሳይን በወጉ መውሰድ 5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ትንፋሽ ሙሉ 1 ደቂቃ፣ የልብ ምትም ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል፣ ሙቀትና ግፊት ይለካል፣ ቻርት ላይ ይሰፍራል። ለ30 ሰው 150 ደቂቃ መሆኑ ነው። በየ4 ሰዓቱ ይታዩ ከተባለ በሌሊት ሦስት ዙር፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ገና መድኃኒት አልተሰጠም። አንድ ግራም ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በጥብጦ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ቀስ እያሉ በደም ሥር መስጠት፣ ከነዝግጅቱ ለ12 ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ሰዓቱ አልበቃ ሲል መጀመሪያ የሚቀረው ትንፋሽ መቁጠር ነው። ሙቀቱን ቴርሞሜትር፣ ግፊቱን መሣሪያ ይናገራል፤ ትንፋሽ ግን ሰዓት ይዞ ደረት ላይ ካላፈጠጡ አይታወቅም። ስለዚህ ቻርቱ ላይ ከላይ እስከ ታች «20፣ 20፣ 20» ተደርድሮ ይገኛል። ይህን የነርሷ ስንፍና ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኛ ግን የድልድሉ ውጤት ነው እንላለን። ጉዳቱ ደግሞ ከባድ ነው፤ ሕመምተኛው ከመዳከሙ ሰዓታት በፊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሹ ነው። ከ20 ወደ 28 ሲወጣ ያላየ፣ ሊነጋጋ ሲል ደክሞ ያገኘዋል።

ጉሉኮሱም እንዲሁ ነው። በ8 ሰዓት እንዲያልቅ የታዘዘ አንድ ሊትር፣ በ20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሰጥ መስመር በደቂቃ 42 ጠብታ መውረድ አለበት። ፓምፕ በሌለበት ጠብታው የሚቆጠረው በዓይን ነው። ሕመምተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ይቆማል። አስታማሚው ደግሞ ቶሎ ይለቅለት ብሎ መዝጊያውን ይከፍተዋል፤ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ደም የሚሰጠው ሰው ካለ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገቡ መራቅ አይገባም። በእነዚያ 15 ደቂቃዎች 29ኙን የሚያይ የለም።

መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን የሚያመርተው ኮንሰንትሬተር አብሮ ይቆማል፣ ፊት ወደ ሲሊንደሩ ይዞራል። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 50 ባር ካሳየ የቀረው 2000 ሊትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ሰው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከተከፈተ ከሌሊቱ 6፡40 ላይ ባዶ ይሆናል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ርክክብ ላይ ጌጁን ማንበብ ብቻ ነበር። ርክክቡ ግን ብዙ ቦታ ጠረጴዛ ላይ፣ መዝገብ ተገልጦ ያልቃል፤ አልጋ በአልጋ ቢሆን የጉሉኮሱ መስመርም፣ ያበጠው ክንድም፣ ጌጁም ይታያሉ።

የሆስፒታል አስተዳደሮች የወሩን የተረኛ ፕሮግራም ሲያወጡ ይህን ስሌት በየክፍሉ ይሥሩት። በየሰዓቱ መታየት ያለበት ሰው ካለ፣ ደም የሚሰጠው ካለ፣ ሁለተኛ ነርስ ትመደብ፤ ሰው ከሌላ ክፍል መሳብ ቢያስፈልግ እንኳ። ነርስ ናሙና ይዛ ላቦራቶሪ፣ ማዘዣ ይዛ ፋርማሲ መመላለሷም ይቅር፤ ለዚህ አንድ የሌሊት ተላላኪ ይበቃል። በጠና የታመሙት ነርሷ ከምትቀመጥበት ፊት ለፊት ይተኙ።

የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ ደግሞ ከነሰንሰለቱ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ይታሰር። ዛሬ በብዙ ክፍል የሚቀመጠው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በጨለማ ቁልፍ ሲፈለግ የሚያልፈው ደቂቃ የሕመምተኛው ነው።