ለክቡር ኤግዞስት ብሬክ፣ የጭነት መኪናዬ የጭስ መውጫ ፍሬን፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሥራ ገበታ መቅረትዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ደህንነትዎን የምሰማው ክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ ላይ ካለችው መብራት ነው። ማብሪያውን ስጫን ቦግ ትላለች። "አሉ፣ ገብተዋል" ትለኛለች። ለካ እሷ የምታውቀው ማብሪያው መጫኑን ብቻ ነው። እንደ አለቃው ጸሐፊ፣ ወንበሩ ላይ ኮት ስላየች "ቢሮ ናቸው" የምትል!

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ከፍታ ጭነት ይዤ በሐረጎ ቁልቁለት የምወርደው እርስዎን ተማምኜ ነበር። ሥራዎ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የጭሱን መውጫ መዝጋት። ጭሱ ሲታፈን ፒስተኑ ሊገፋው ይታገላል፣ ሞተሩ ይከብደዋል፣ መኪናው ይያዛል። እርስዎ ሲቀሩ ግን ዕዳው በሙሉ ለእግር ፍሬን ነው። የፍሬኑ ታምቡር ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባል፣ ፔዳሉን ብረግጠው እንደ ወትሮው አይዝም። መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ እኔን ይገላምጠኛል። እርስዎን ማን ያይዎታል?

ረዳቴ "አብሽር፣ ማርሹ ይይዘዋል" ይላል። እሱ ምን አለበት፣ በሩ አጠገቡ ነው።

ስለዚህ ምርመራ ተከፈተብዎ። ጎማ ሥር ታኮ አስገባን፣ አየር ሞላን፣ ረዳቴ ከሥር ተኝቶ የጭሱን መውጫ የሚዘጋውን ዘንግዎን ተመለከተ።

"ተነቃነቀ?"

"ኧረ ንክችም አላለ!"

ፊውዙ ደህና ነው። የፍሪሲዮኗን፣ ማርሽ ስቀይር የምረግጣትን ፔዳል፣ ስዊች በጣም ጠርጥሬያት ነበር። እሷ ከተበላሸች፣ እግሬን ባነሳም "ረግጧል" ብላ ትመሰክርብኛለች፤ እርስዎም ማርሽ እየቀየረ ነው ብለው ይቀራሉ። የነዳጅ መስጫውም ስዊች እንደዚያው ነው። ሁለቱም ነጻ ወጡ። የአየር ቫልቩ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቀጭ አለ። ዘንጉን ወደሚገፋው ሲሊንደርዎ የምትገባውን ቱቦ ስንፈታት አየሩ ረዳቴን ፊቱን መታው። እንግዲህ ኤሌክትሪኩም መጣ፣ አየሩም መጣ። የቀሩት እርስዎ ነዎት።

ዘንግዎ በጥቀርሻ ተጣብቆ ኖሯል! በእጅ ቢገፉት ወይ ፍንክች።

ኮምቦልቻ ያማከርኩት አንድ መካኒክ "ግሪስ ቀባው" አለኝ። እርስዎ በሚቀመጡበት ሙቀት ግሪስ ተቃጥሎ ሌላ ጥቀርሻ ነው የሚሆነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ዝገት ማስለቀቂያ ረጨንብዎ። ቀስ እያልን ኳ ኳ አደረግንዎ፣ ወዲህ ወዲያ አወዛወዝንዎ። በስንት ልመና ተነሱ። ይህን ያህል ደጅ የጠናሁት ለመሬት ጉዳይ ብቻ ነበር።

ሐቁን ለመናገር ያለ ጥፋትዎ የሚሰደቡበትም ጊዜ አለ። አንዳንዱ ሹፌር በትልቅ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስተኛ ቁልቁለት ይገባና "ይሄ ነገር አይሠራም" ይላል። የሞተር ዙር በሌለበት ምን ይያዙለት? ማርሹን ይቀንስና ያኔ ይክሰስዎ።

ነገ ጠዋት ጭነት አለን፣ በዚያው በሐረጎ። ጉምም ሊኖር ይችላል። በቦታዎ እንዲገኙ በጥብቅ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሹፌርዎ

ግልባጭ፦
ለእግር ፍሬን፣ ለጊዜው እረፍት እንዲወስድ
ለክሩስኮት መብራት፣ ሳታይ እንዳትመሰክር
ለረዳቴ፣ ፊቱን ሲታጠብ