«መኪናህ ምን ሆነች?»

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረ ሐበሻ አካባቢውን አብጠርጥሮ ያውቃል ቢባል የሚከራከር አይገኝም። ዕውቀቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመረዳት ግን አንድ አቅጣጫ መጠየቅ ይበቃል። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዴት እንደሚኬድ የተጠየቀ ሰው ስለ ሠፈሩም ሆነ ስለ ነዋሪው አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ የሚነግረን በየትኛው አውራ ጎዳና ገብተን በስንተኛው መውጫ እንደምንወጣ፣ የትኛው የፍጥነት ካሜራ ምሕረት እንደማያውቅ፣ ከየትኛው ምግብ ቤት ጀርባ ማታ ማታ በነፃ እንደሚቆም ነው። ከተማዋ በእኛ ልቡና ውስጥ የመኪና ማቆሚያዎች ስብስብ ናት፤ አንዱ ማቆሚያ አጠገቡ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ ሌላው እንጀራ ይሸጥበታል፣ ሌላው ደግሞ ሠርግ ይደገስበታል። በመካከላቸው ያለው ሀገር ከመስኮት ውጪ ወደ ኋላ የሚሮጥ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው።

ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች ታክሲ እየነዱና በመኪና ማቆሚያ ውስጥ እያደሩ ልጆቻቸውን አስተምረዋል፣ ወንድምና እኅቶቻቸውን አስመጥተዋል። መኪና መጀመሪያ እንጀራችን ነበረ፤ ቀስ በቀስ ግን የደረስንበትን ደረጃ የሚመሰክር ወረቀት ሆነ። አውቶቡስ በአንጻሩ አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ክረምት ጆሮው በብርድ እየነደደ የሚጠብቀው፣ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግሥት ተሰናብቶት ዳግመኛ ላያየው የሚምልበት ነገር ነው። ስለዚህ እኔ መኪናዬን ቤት ትቼ ከተማዋንና ዳርቻዎቿን በአውቶቡስና በጋራ ብስክሌት ለማየት እንደወሰንኩ ስናገር፣ ወዳጆቼ የሰሙት እኔ የተናገርኩትን አልነበረም።

ጉዳዩ የተጀመረው ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ነው። ይህ ጎዳና በቨርጂኒያ አውቶቡስ እጅግ ከሚመላለስባቸው መንገዶች አንዱ በመሆኑ ፌርማታ ላይ ብዙ መቆም አያስፈልግም፤ ችግሩ የሐበሻ መኪናም በብዛት የሚመላለስበት መሆኑ ነው። አውቶቡሱ ሳይመጣ በፊት አንድ ወዳጄ ከኋላው የሚጮኸውን የመኪና ሰልፍ ከቁብ ሳይቆጥር አጠገቤ ቆመና «ግባ!» አለኝ። አውቶቡስ እየጠበቅሁ እንደሆነ ነገርኩት። «አይቻለሁ እኮ፤ ለዚህ ነው ግባ የምልህ» አለና፣ ከዚያ ወዲህ ከማውቀውም ከማላውቀውም ሰው የምሰማውን ጥያቄ አስከተለ፤ «መኪናህ ምን ሆነች?»

ደኅና ናት ብሎ መመለስ ከሁሉ የከፋ መልስ መሆኑን ቶሎ ተረዳሁ። መኪናው ተበላሽቷል የሚል ሰው መካኒክ ይጠቆመዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። መኪናው ደኅና ሆኖ ሳለ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ግን የደበቀው ነገር መኖር አለበት። ከፊሉ ሰው ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ መንጃ ፈቃዴን እንደተቀማሁ አምኖ አዘነልኝ። ነገሩን ጠለቅ አድርገው የሚያዩት ደግሞ በቤቴ ሰላም እንደሌለና መኪናዋን ባለቤቴ እንደወሰደችብኝ ደረሱበት። በፈቃዱ አውቶቡስ የሚሳፈር ሐበሻ ይኖራል ብሎ ለመጠርጠር የደፈረ አንድም አልተገኘም።

በአውቶቡሱ ውስጥ ግን ሌላ ሕዝብ አለ። የዚህን አካባቢ የአውቶቡስ መስመር ከማንም አብልጠው የሚያውቁት የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ከሀገር ቤት የመጡ እናቶቻችን ናቸው፤ መኪና አይነዱም፣ ልጆቻቸው ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው፣ ቅዳሴ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። በእጃቸው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ይዘዋል፤ ልጃቸው በትልልቅ ፊደል «ቀዩ ነዳጅ ማደያ ሲታይ ገመዱን ሳቢ» ብላ ጽፋበታለች። ወረቀቷ ከመታጠፍ ብዛት በመሐል ተበስታ «ማደያ» የሚለው ቃል ጠፍቷል፤ ነገር ግን እማማ ካነበቧት ቆይተዋል። የከተማው አውቶቡስ ዳሽ እ.ኤ.አ. ከ2021 ሴፕቴምበር ጀምሮ ለማንም ሰው በነፃ እንደሚሠራ ልነግራቸው ብጀምር ፈገግ አሉ። «መጀመሪያ ነፃ ነው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ በኋላ ሊይዙኝ መስሎኝ ሁለት እሑድ ሳንቲም ቋጥሬ ነው የሄድኩት» አሉኝ። ወደ ዲሲ የሚሻገረው ትልቁ አውቶቡስ ሜትሮባስ ጁን 29 ቀን 2025 የመስመሮቹን ስም በሙሉ ቀይሮ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አዲስ መጠሪያ ሲያወጣ፣ ተማረ የተባለው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሲደናገር እርሳቸው አልተደናገሩም። «ቁጥሩን ሁሉ ቀያየሩት አሉ። እኔ ድሮም በቁጥር አልሄድም፤ ሹፌሩን በመልኩ ነው የማውቀው።» ነዳጅ ማደያው ሳይታይ ገመዱን ሳቡ፤ ለሹፌሩ በአማርኛ ምርቃት ጨምረው ወረዱ። ሹፌሩም፣ ሐበሻ አይደለም፣ አሜን አለ።

የመስመሮቹን መጠሪያ ከተቀበልን ዘንዳ፣ ከሁሉም ዲ40ን አስቀድማለሁ። ትናንት 70 ቁጥር ይባል የነበረው ይህ አውቶቡስ ከመሐል ዲሲ ተነሥቶ በሰባተኛው ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዘልቃል። በዩ ስትሪት አካባቢ የነበረው የሐበሻ ንግድ የቤት ኪራይ ሲያባርረው ወዴት ወዴት እንደተበተነ ማወቅ የፈለገ ሰው ጥናት ማገላበጥ የለበትም፤ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ የአማርኛ ማስታወቂያዎቹን ወደ ሰሜን እየተከተለ ማንበብ ይችላል። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያልፋል፤ የቀድሞው የዋልተር ሪድ ሆስፒታል ግቢም እንዲሁ። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን መንገድ በመብራቱ ብዛት ምክንያት ይሸሸዋል። በአውቶቡስ ለሚሄድ ግን መብራቱ ጥቅም አለው፤ የምግብ ዝርዝር ለማንበብ ጊዜ ይሰጣል።

ብስክሌቱ የባሰ ነበር። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ለብስክሌት ይህን ያህል አይደነግጥም፤ በአዲስ አበባ ሰው ዓይን ግን ትልቅ ሰው ብስክሌት ላይ መውጣቱ አንድም ልጅነቱ አልወጣለትም፣ አንድም ችግር ላይ ነው። በዚያ ላይ ብስክሌቱ ቀይ ነው፤ ቀይ ሆኖ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ካፒታል ባይክሼር የሚባለው ይህ አገልግሎት በ2010 በዲሲና በአርሊንግተን ተጀምሮ ዛሬ በከተማዋና በዳርቻዎቿ ከ700 በላይ ጣቢያዎች አሉት። ከአንዱ ጣቢያ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ነው፤ የዓመት አባል ለሆነ ሰው ተራው ብስክሌት እስከ 45 ደቂቃ ተጨማሪ ክፍያ የለበትም። ሦስት ማርሽ አለው፤ እንዳይሰረቅና እንዳይሰበር ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ የዋዛ አይደለም።

የዚህ ብስክሌት ታላቁ ምሥጢር የሰውን ልጅ ባሕርይ ማጋለጡ ነው። የዋሽንግተን መሐል ከተማ ቆላ ነው፤ ከሰሜኑ በኩል ሜሪዲያን ሂልና ኮሎምቢያ ሃይትስ ከፍ ብለው ይታያሉ። ጧት ሁሉም ሰው ከዳገቱ ላይ ብስክሌት ይነቅልና ነፋስ እየበላ ቁልቁል ወደ ሥራው ይወርዳል። ማታ ግን ያንኑ ሰው በብስክሌት ሽቅብ ሲመለስ ማየት ይቸግራል፤ ክራባቱን ፈታ አድርጎ አውቶቡስ ውስጥ ቆሟል። በዚህ ምክንያት ከላይ ያሉት ጣቢያዎች ባዶ፣ ከታች ያሉት ሙሉ ይሆናሉ፤ ብስክሌቶቹን በጭነት መኪና ጭኖ መልሶ ወደ ዳገቱ የሚያወጣ ሠራተኛ ተቀጥሯል። ስለ አካባቢ ጥበቃ ቀኑን ሙሉ የሚሰብከው ሁሉ ቁልቁለቱን በፔዳል፣ ዳገቱን በሰው ናፍጣ ይወጣዋል። እኔም ይህን ሥርዓት በሙሉ ልቤ ተቀብያለሁ፤ ለሽቅብ አውቶቡስ፣ ለቁልቁል ብስክሌት። በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም መጥተዋል፤ ነገር ግን በየደቂቃው ስለሚያስከፍሉ ሐበሻ የታክሲ ሜትር እያየ የሚሳፈረውን ሰው ጭንቀት በራሱ ላይ እንዲያይ ያደርጉታል።

ከከተማዋ ወጣ ሲባል ነገሩ ይለወጣል። ሰቨን ኮርነርስን የሚያህል መስቀለኛ መንገድ ላይ እግረኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ኑዛዜ ቢያዘጋጅ አይፈረድበትም፤ የአውቶቡስ ፌርማታ የሚባለውም በሣር መሐል የቆመ አንድ ምሰሶ የሚሆንበት ቦታ አለ። ብስክሌት ይዞ ግን ከዚህ ሁሉ ማምለጥ ይቻላል። በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው የደብሊው ኤንድ ኦዲ መንገድ ከሸርሊንግተን ተነሥቶ 45 ማይል ያህል እስከ ፐርሴልቪል ይሄዳል። ኮሎምቢያ ፓይክን የሚያቋርጠው እኛ በየሳምንቱ በመኪና ከምናልፍበት ድልድይ አጠገብ ነው።

በዚህ መንገድ ወደ ኢስት ፎልስ ቸርች የሄደ ሰው ከመንገዱ እምብዛም ሳይርቅ አንድ ድንጋይ ያገኛል። ዋሽንግተን መጀመሪያ በየጎኗ 10 ማይል የሆነች አራት ማዕዘን ሆና ስትለካ፣ በ1791ና በ1792 በየማይሉ 40 የድንበር ድንጋዮች ተተክለውባት ነበር፤ ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ይህኛው በቀያሾቹ መካከል በነበረው ጥቁር የሥነ ፈለክ ሊቅ በቤንጃሚን ባነከር ስም በተሰየመ መናፈሻ ውስጥ ይገኛል፤ ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም፣ ፊቱ በዝናብ ታጥቦ ጽሑፉ ደብዝዟል፣ ዙሪያውን በብረት አጥር ታጥሯል። ቨርጂኒያ ድርሻዋን በ1847 መልሳ ስለወሰደች ድንጋዩ ዛሬ የዋሽንግተንን ድንበር አይለይም። ለምን እንደታጠረ ግን ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያሻም፤ የእኛ ሀገር ሰው የድንበር ድንጋይ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው በየትኛው ሌሊት ወደ የት ፈቀቅ እንደሚል ነው። ፎቶውን ለወዳጆቼ ላክሁ። አንደኛው «እዚያ ድረስ በሳይክል?» ብሎ መለሰ፤ ሌላው ደግሞ ከማንም ጋር ሳይማከር ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ደወለ።

ሽማግሌዎቹ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተዋል፤ ምክንያቱም በሠፈሬ መኪና የሚቆምበት ቦታ ሲፈልጉ ብዙ ዞረዋል። ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ብርቱካንና ጭማቂ ይዘዋል። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ሰው ነን፤ የማይደርስብን የለም» ብለው ጀመሩ። መኪናዬ በር ላይ እንደቆመች በመስኮት አሳየኋቸው። ተያዩ። መኪናዋ መኖሯ ነገሩን ይበልጥ አከበደው። በመጨረሻ ባለቤቷ ሀገር ቤት የሄደች አንዲት ኮሮላ እንዳለችና፣ ለጊዜው እርሷን እየነዳሁ አእምሮዬን እንዳሳርፍ ሐሳብ ቀረበ።

ብርቱካኑን ልጠን ቡና ጠጥተን ስንወርድ የጋሼ መኪና የለችም። ለደንበኞች ብቻ በተፈቀደ የሱቅ ማቆሚያ ውስጥ ስለተዋት በመጎተቻ መኪና ተወስዳለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሠርግ፣ ሌላው ክርስትና ስላለባቸው እያዘኑ ሄዱ፤ እኔ መኪናዬን ላውጣ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝና «ቆይ፤ ይኼ አውቶቡስህ በዚያ በኩል ያልፋል?» አሉኝ። ያልፋል አልኳቸው።

ሹፌሩ የኛው ሰው ነበር። የጋሼን ሽበት ሲያይ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ እጅ ነሣ፤ ካርዴን ሁለት ጊዜ ሳስነካ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ መኪናዎ ምን ሆነች?» አላቸው። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። አውቶቡሱ ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ አስደግፈው «ይኼ ወንዝ ከየት መጣ?» አሉ። ፎር ማይል ረን እንደሚባልና እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊትም እዚያው እንደነበረ ነገርኳቸው። በዚህ ድልድይ ላይ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። «መንገድ እያየሁ» አሉ በቁጣ፤ «ሹፌር ወንዝ ያያል እንዴ!»

ከዚያም ለባለቤታቸው ደወሉ፤ እንዳይጨነቁ፣ ትንሽ እንደሚዘገዩና አውቶቡስ ላይ እንደሆኑ ነግረው ዘጉ። ከጥቂት ፌርማታ በኋላ የእኔ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ከማኅበሩ ገንዘብ ያዦች አንዷ ናት፤ ሰላምታ ሳታቀርብ፣ ጋሼ ላይ የደረሰውን አሁኑኑ እንደሰማች፣ ዝርዝሩን መስማት እንደማትችልና ለእያንዳንዱ አባል ስንት ስንት እንደሚደርስ ብቻ እንድነግራት ጠየቀችኝ።