የክፍል ሥራ ማርክ ይያዝበት ወይስ ይቅር?

ጥያቄው ይህ ነው። ተማሪ ገና እየተማረ የሚሠራው የክፍልና የቤት ሥራ ማርክ ይያዝበት? ወይስ ሳይፈራ ተሳስቶ እንዲማርበት ከማርክ ውጭ ይሁን? ይቅር የምትለው የሒሳብ መምህርት ናት። ይያዝ የሚሉት ደግሞ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር ናቸው።

የሒሳብ መምህርቷ፦ 9ኛ ክፍል ገብታችሁ (ሀ+ለ)² ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሀ²+ለ² የሚል ልጅ አይጠፋም። እኔ ኤክስ አልልበትም። "እስቲ በ3 እና በ4 ሞክረው" እለዋለሁ። በአንዱ መንገድ 49፣ በሌላው 25 ይመጣል። ክፍሉ መጀመሪያ ጭጭ ይላል። ቀጥሎ "24ቷ የት ገባች?" ብሎ ይጨቃጨቃል። 3 በ4 ሲባዛ 12፣ እሱ ሁለት ጊዜ ሲሆን 24 መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት፣ ያን ቀመር በቃል ማስጠናት አያስፈልገኝም።

ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ልጅ ተሳስቶ ለመናገር ስለደፈረ ነው። ማርክ ካለበት ግን አይደፍርም። የቤት ሥራውን ጠዋት ከሰልፍ በፊት ከጎበዝ ተማሪ ደብተር ይገለብጣል። ደብተር ስሰበስብ ስርዙ እንኳ ተገልብጦ አገኛለሁ። ሁሉም ራይት አለው፤ ማን እንዳልገባው ግን በምን ልወቅ?

የፊዚክስ መምህሩ፦ እህቴ፣ 24ቷን የሚፈልጉት ፊት የተቀመጡት ናቸው። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ማርክ ከሌለው እስክሪብቶም አያነሳ።

ልጆችን ከውድቀት መከለልን ደግሞ አይተነዋል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ተደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ ያግዛቸዋል ተባለ። ምዘናው ወረቀት ላይ ቀረ፣ ማለፉ ብቻ ተተገበረ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ለእነዚህ ልጆች በጊዜ "ይሄ አልገባህም" ያላቸው ማን ነበር? ያለው ሰው ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል። የድሃው ልጅ ግን ደረጃውን የሚያውቀው ከክፍል ማርኩ ብቻ ነው።

የሒሳብ መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ያነሱት ቁጥር ለእኔም ይመሰክራል። የ2014ቱ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተወሰደው እኮ ኩረጃና ስርቆት ስላስቸገረ ነው። እነዚያ ልጆች 12 ዓመት ሙሉ ማርክ ሲያዝባቸው ነበር። ማርኩ ነበረ፣ እውነቱን ግን አልነገራቸውም።

ማኑ ካፑር የተባለ ተመራማሪ በሲንጋፖር ትምህርት ቤቶች ያጠናው አለ። ከመምህሩ ማብራሪያ በፊት ከጥያቄው ጋር የታገሉ ተማሪዎች፣ መልሱን ባያገኙትም እንኳ፣ በኋላ ሐሳቡን ቀድሞ ከተብራራላቸው በተሻለ ተረድተውታል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ሁለተኛውን ግማሽ ዘለልሽው። ከትግሉ በኋላ መምህሩ የልጆቹን ሙከራ አንድ በአንድ እያነሳ የት ጋ እንደሳቱ ያሳያል። ጥቅሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ከ60 በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህን ማን ይሠራዋል? ሳይታረም የቀረ ስህተት ልማድ ይሆናል። 11ኛ ክፍል ሲደርስ "ከባድ ዕቃ ቶሎ ይወድቃል" የሚል ልጅ ስንቱን አስተምሬያለሁ! ያን ሐሳብ ከውስጡ ማውጣት አዲስ ከማስተማር ይከብዳል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኸው። ማርኩ ይያዝ። ልጁ ስህተቱን አርሞ ሲመጣ የተቆረጠበት ይመለስለት።

የሒሳብ መምህርቷ፦ እርማቱስ ከጓደኛ ደብተር እንደማይገለበጥ በምን እናውቃለን? ነጥቡ የሚመለስለት ሰሌዳ ፊት ቆሞ የት ጋ እንደተሳሳተ በራሱ አፍ ሲያስረዳ ከሆነ እስማማለሁ። በደብተር ብቻ ከሆነ ግን አይሆንም። ስልሳውን ሁሉ በአንድ ቀን ማስወጣት እንደማይቻል አውቃለሁ። በየክፍለ ጊዜው ሦስት ልጅ ቢወጣ፣ በወር ውስጥ ያልተሰማ ልጅ አይኖርም።