ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት ለሠራተኛው ይነገረው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ የምንለው፣ ወደ ሥራ ቦታ ሲገባ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ናት። ከድሮው ብርድ ልብስ ፋብሪካ አንስቶ በ2011 ዓ.ም. እስከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ የብዙ ሰሜን ሸዋዎች እንጀራ እዚያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ይመለከተናል።

አንዲት የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ እናስብ። ጨርቁ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ እሷ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የቀለም ልዩነት በዓይኗ ትለቅማለች። በኤአይ የሚሠራው አዲሱ ካሜራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን ዝም ብሎ አያውቀውም። «ይሄ ጉድለት ነው፣ ይሄ ደህና ነው» ተብሎ በብዙ ምስል መማር አለበት። ምስሉን የሚለይለት ማነው? እሷው ናት። ማንም ምንም ሳይነግራት ይህን ሥራ ብትሰጧት፣ «የምትተካኝን ማሽን እያስተማርኩ ነው» ብትል አይፈረድባትም። ልቧ ሳይኖርበት የለየችውን ምስል ይዞ ካሜራውም ስህተት ይማራል።

ፍርሃቷ ደግሞ መሠረት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ መጠቀምን በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው። ሠራተኛ ሲቀነስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛው ተወካዮች ጋር መመካከርንም ያዛል። ያኔ ግን ማሽኑ ተገዝቷል፤ ምክክሩ ማን ይሂድ በሚለው ላይ ብቻ ይሆናል።

አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች «ቀድመን ከነገርን ሠራተኛው ይረበሻል፣ ጎበዞቹም ይለቁብናል» ይላሉ። አልስማማም። ቴክኒሻኑ መጥቶ ጣሪያ ሲለካ የዋለ ዕለት፣ ማታ ሰርቪስ ውስጥ «ግማሻችን ልንባረር ነው» መባሉ አይቀርም። ወሬ ሰምቶ መጀመሪያ የሚለቀው ደግሞ ሌላ ቦታ ሥራ የማያጣው ጎበዙ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት።

ሰው የሚፈልገው ቁርጡን ማወቅ ነው። ካሜራው የሚያየው ጨርቁን ነው ወይስ እጄን? ሽንት ቤት የምሄድበትን ሰዓት ይቆጥራል? የቀረጸውን ማን ያየዋል? ለዚህ መልሱ በጽሑፍ ይሰጥ፣ በአማርኛ። ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ተለጥፎ የሚቀር ማስታወቂያ ለማንም አይጠቅምም። የቅርብ አለቃው በፈረቃ መቀያየሪያ ላይ ቆሞ ያስረዳ፣ ይጠየቅም። ያልተወሰነውን «ገና አልወሰንንም» ማለት ይቻላል። «ማንም አይነካም» ብሎ ከስድስት ወር በኋላ ደብዳቤ ማደል ግን ክፋት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አለቃው የሚናገረውን የሚያምን አይኖርም።

የማኅበሩ ተወካዮችም ግዢው ሲታሰብ ይጠሩ፣ ማሽኑን የሚያውቁት በዓይናቸው አይተው ይሁን። ያቺ ተቆጣጣሪም ካሜራውን ስታስተምር የምትውልበት ሰዓት የዕለት ኮታዋን አላሟላችም እንደማያሰኛት ከመጀመሪያው ቀን ይነገራት።