ይድረስ ለክቡር «ይምረጡ»

ክቡር ሆይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳጥንዎ ውስጥ ቁጭ ብለው ሰውን ሁሉ «ይምረጡ» የሚሉት እርስዎ፣ ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እኔ ከትናንት ወዲህ ደህና አይደለሁም።

ትናንት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ፈጅር ሰግጄ በድንጋይ ተራ ይዤ፣ እኩለ ቀን ላይ የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጋ ደረስኩ። ልጅቱ የትውልድ ቦታዬ የተጻፈበትን አሮጌ ወረቀቴን አየችና፣ «አባባ፣ ‹ቃሉ አውራጃ› ይላል። አውራጃ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ «የጣልያን ጊዜ ነገር ነው» አለ። ወላሂ፣ ያን ያህል አላረጀሁም! የእርስዎን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ቃሉ ወረዳን ብትነካ፣ ሰፈሬ ዛሬ የከተማው ነው፤ ኮምቦልቻን ብትነካ፣ ከወረቀቴ ጋር አይገጥምም። «አባባ፣ የተወለዱበት ቦታ የለም» አለችኝ በትሕትና፣ እንጀራ አልቋል እንደሚባለው። ቦታው በመስኮቷ ይታያል። በጣቴ አሳየኋት። «ሲስተሙ ላይ ነው ያልኩት» አለች።

«ይምረጡ» መባል ለቤታችን አዲስ አይደለም። አባቴ በ1950 ዓ.ም.፣ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴ ሲመርጥ፣ መርጧል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት 200,000 ሰው ያለው የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ ከ30,000 በላይ ሰው ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ ይጨመርለታል። አንድ ከተሜ ለሦስት ባላገር መሆኑ ነው። ፓርቲ የሚባል የለም። ለመወዳደር የ1,000 ብር መሬት ወይም የ2,000 ብር ሌላ ንብረት ያሻል። አባቴ ጥንድ በሬ ነበረው፤ አንደኛው የጎረቤት።

በ1965 እና በ66 ወሎ በረሃብ ሲረግፍ እንደራሴዎቹ የሚቀመጡበት ያ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ክፍት ነበር። ሰዎቻችን መንገድ ዳር ወድቀው ሲቀሩ፣ በስማችን የተያዘው ወንበር አዲስ አበባ ላይ ሰው ነበረበት! አንተ ሳጥን፣ ይህ ከየትኛው ዝርዝርህ ላይ ይገኛል? ምክር ቤቱ የተዘጋው መስከረም 1967 ነው፤ ለእኛ አዝኖ አይደለም፣ ደርግ ዘግቶት እንጂ።

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

ከዚያ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ የዛሬው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበር። በክፍለ ሀገርና በወረዳ መካከል የነበረው አውራጃም ቀረ። እኛ ከቦርከና አልተነቃነቅንም፤ የሚሄደው አድራሻችን ነው።

ልጅቱ አዝና ከግርጌዎ ያለችውን መረጠችልኝ። ማኅተም አርፎበት ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት «የትውልድ ቦታ፦ ሌላ» ይላል።

ከሰላምታ ጋር
የሌላ ተወላጅ

ግልባጭ፦
ለፋይሉ፣ ከተገኘ